ቁልቁል የማይረጨው ውሃ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ተደግሶልኝ ነበር። ድግስ ከተባለ ማለቴ ነው፤ ሁለት ሳጥን ለስላሳ፣ አንድ ትሪ ዳቦ፣ ከየቢሮው የተለቃቀመ ወንበር። የጨንቻ ሸማኔ የሠራው ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ፤ ፍሬም ውስጥ የገባ የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። ከዚያ የአስተዳደር ኃላፊው ተነሥቶ ንግግር አደረገ። ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ጋራዡን ለአንድ ቀን እንኳ ገብቶ ያላየ ሰው ነው። «አቶ ስምዖን» አለ ወረቀቱን እያየ፣ «በመኪና መስታወት ውሃ መርጫ፣ በጥሩምባና በመሳሰሉት ጥቃቅን ጥገናዎች ለረጅም ዘመን በታታሪነት ያገለገሉን ናቸው።» ሰው አጨበጨበ።

ጥቃቅን! ጆሮዬ ላይ የቀረችው እሷ ቃል ናት። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ግን ንዴቴ ሳይበርድ ይቺ «ጥቃቅን» የተባለች ነገር ምን እንዳደረገች ልጻፍ። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ ይባል የለ? እኔ ነበርኩ። ከነበሩትም ዋነኛው ጥፋተኛ እኔ ነኝ፤ እሱንም አልደብቅም።

አባቴ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለማ ገበሬ ነበር። እኔ ግን ከሙዙ ይልቅ ሙዙን ሊጭን የሚመጣው መኪና ስለሚገርመኝ፣ ጢሜ ሳያቀመቅም ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ እርሻ የትራክተር ጥገና ክፍል ገባሁ። እዚያ ያሳለፍኩት ጊዜ በናፍጣ ዕቃ በማጠብ ያለቀ ነው። አለቃዬ ሞተር ካልሆነ፣ ካምቢዮ ካልሆነ ቀና ብሎ የማያይ ሰው ነበር። መብራት ጠፋ፣ ጥሩምባ አልጮህ አለ ቢሉት፣ «በአፍህ ጩህ» ይል ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ክፍሉ ተበተነና እኔ አርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ላይ ወዳለው የመሥሪያ ቤቶች ጋራዥ ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው ነው፤ ወረቀቱ ግን በዛ። አንዲት አምፖል ለማውጣት አራት ፊርማ ነበር የሚጠየቀው።

ጋሽ ማሴቦን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የኤሌክትሪክ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ የደጋው የጨንቻ ሰው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ የማይል። ሙያውን በልጅነታቸው ሶዶ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን መካኒክ ሥር ነው የተማሩት። በሥራ ቦታቸው ግድግዳ ላይ፣ ከካቻቪቴና ከፒንሳ ጎን፣ አንዲት የፈረስ ጭራ ተሰቅላ ነበር። ዝንብ ማባረሪያ መስላኝ ነበር። አርባ ምንጭ ዝንብ አታጣም፤ ግን ሰውዬው አንድ ቀን እንኳ ዝንብ ሲመቱባት አላየሁም። ጭራዋም በየወሩ እየሳሳች ትሄዳለች።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ የማንኛውንም መኪና ሥራ ሲጨርሱ የፊት መስታወቷን ራሳቸው አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው ነው የሚያስረክቡት። ፍሬቻ ለማሠራት የመጣችም ብትሆን ያው ነው። «ሹፌር የሚቀጠረው ለማየት ነው» ይላሉ። «እጁም እግሩም ከዓይኑ በኋላ ነው የሚመጣው።» ሁለተኛው ልማዳቸው ሰው ያስቅ ነበር። ሹፌር አቤቱታ ይዞ ሲመጣ ኮፈን አይከፍቱም። ድንጋይ ላይ ያስቀምጡትና ሦስት ነገር ይጠይቁታል፤ መቼ? የት? ወዴት ዞራ?

«ወዴት ዞራ» የሚሏት ነገር እኔንም ታስቀኝ ነበር። ከኋላቸው ሆነን «ወዴት ዞራ ነበር ደግሞ ምንድን ነው? መኪናዋን እንደ ሬሳ አቅጣጫ ለይተን ልንቀብራት ነው እንዴ!» እንላለን። እየሰሙንም ቢሆን የሹፌሩን መልስ ሰምተው ነው ወደ መኪናዋ የሚሄዱት።

የውሃ መርጫን ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልንገር። ከመሪው ሥር ያለችውን ቁልፍ ስትጫን፣ ኮፈን ሥር ካለው የውሃ ዕቃ ትንሽ ፓምፕ ውሃ ትስብና በቀጭን ቱቦ ልካ፣ ከመስታወቱ ፊት ባሉት ሁለት አፍንጫዎች ታስፈነጥረዋለች። አልረጭም ካለ ሰነፍ መካኒክ ሁሉንም ይፈታታል። ጋሽ ማሴቦ ግን መጀመሪያ ጆሮ ይሰጣሉ። ቁልፉ ሲነካ ፓምፗ ታጉረመርማለች? ካላጉረመረመች ፊውዟን፣ ሽቦዋን ተከተል። ካጉረመረመች ቱቦውን ከአፍንጫው ሥር ንቀለውና እንደገና ንካ። ውሃው ከቱቦው ከፈሰሰ የተደፈነው አፍንጫው ነው፤ ካልፈሰሰ ወደ ኋላ ሂድ፤ ወይ ቱቦው ታጥፏል፣ ወይ ተቀዷል፣ ወይ ዕቃው ውስጥ ውሃ የለም። በዚህ ሥርዓት ከሄድክ ከሩብ ሰዓት አይፈጅም።

የሚደፈነው ግን በእኛው ጥፋት ነው፤ ይሄ ዛሬም ያናድደኛል። ስሟን ከአርባ ምንጮች የወሰደች ከተማ ውስጥ እየኖረ፣ ንጹሕ ውሃ ደጁ እየፈሰሰ፣ ሹፌሩ ከመስኖ ቦይ ደፍራሽ ውሃ በጣሳ ጨልፎ ይሞላል። ከዓባያ ሐይቅ ዳር ቡናማውን ቀድቶ የሞላም አለ። ከዚያ አፍንጫው ሲደፈን የስፌት መርፌ ይሰድበታል! መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ አያስፈነጥርም፤ እንደ ሕፃን ለሃጭ ኮፈኑ ላይ ይዝረከረካል። ጋሽ ማሴቦ አፍንጫውን ነቅለው፣ የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ይነክሩትና ነጩ ዝቃጭ ሲለቅ፣ ከዚያች ከግድግዳዋ ጭራ አንድ ጸጉር መዝዘው ያስገቡበታል። የፈረስ ጸጉር ጠንካራ ነው፤ ቆሻሻውን ይገፋል እንጂ ቀዳዳውን አይቆፍርም። ጭራዋ የሳሳችው ለካ በዚህ ነው። ጡረታ ወጥተው ወደ ጨንቻ ሲመለሱ ጭራዋን ከምስማሩ አውርደው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ጸጉሩን ወርሰሃል» አሉኝ። «ጥያቄዎቹንም ውረስ።»

ጸጉሩን ወረስኩ። ጥያቄዎቹን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኳቸውም ነበር።

እሳቸው በሄዱ በዓመቱ ገደማ፣ ክትባት ወደ ደጋው የምታመላልስ አንዲት ነጭ የመስክ መኪና የውሃ ዕቃዋ ተሰንጥቆ መጣች። ፀሐይ ነው የበላው፤ በማስቲካ ቢለጠፍ፣ በኮላ ቢያዝ እምቢ አለ። የግዢ ጥያቄ ጻፍኩ። በዚያን ጊዜ የነበረው ኃላፊያችን በዚያ ሙቀት ከረባቱን የማይፈታ፣ ከሴቻ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ለመውረድ እንኳ መኪና የሚያዝ ሰው ነበር። ጥያቄዬ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎበታል፤ «ቅንጦት ነው። በእጅ ይታጠብ።»

በእጅ ይታጠብ! የጨንቻን መንገድ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ከታች አቧራ፣ ከላይ ጉምና ዝናብ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ቀይ ጭቃ። ከፊት የሚሄድ ጭነት መኪና የሚረጨው ጭቃ መስታወት ላይ ሲያርፍ መጥረጊያው ያለ ውሃ ቢጠርገው አያጠራውም፤ እንደ ግድግዳ ይለስነዋል። ሹፌሩ እዚያ ገደል አፍ ላይ ቆሞ በእጁ ይጠበው ነው የሚለው ሰውዬው።

ወረቀቷን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩና በራሴ መንገድ ሄድኩ። ሲቀላ ገበያ ወርጄ ጠፍጣፋ የዘይት ጀሪካን ገዛሁ። ቁመቱ አጭር፣ ጎኑ ረጅም። ኮፈኑ ሥር ሌላ የሚገባበት ቦታ ስላልነበር በጎኑ አጋደምኩት፤ ፓምፗ ያለችው በኋላ በኩል በመሆኑ የሚስበውን ቱቦ በጀሪካኑ የኋላ ጫፍ አስገብቼ በጎማ ወተፍኩት፤ በብረት ቀበቶ አሰርኩት። አፍንጫዎቹን በጸጉር ጠረግኩ። ቁልፉን ስነካው ውሃው መስታወቱ መሐል ላይ ፏ አለ! ያን ዕለት ከእኔ በላይ ሰው አልነበረም። የጋራዡን ሰው ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ።

የመኪናዋ ሹፌር አይዛ ይባላል። የዶርዜ ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የጨንቻን መንገድ እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ነገር አያበዛም። አማርኛውም ከእኔው ከኩልፎው የባሰ ነው፤ ወንድና ሴት ይቀላቅላል። ጀሪካኑን በገጠምኩ በሁለተኛው ሳምንት መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ መኪና ውሃ እምቢ አለ።»

ኮፈኑን ከፈትኩ። ጀሪካኑ ከግማሽ በታች ነው። ሞላሁት፣ ቁልፉን ነካሁ፣ ፏ አለ። «ይኸው! ውሃ መሙላት ነው እንጂ» አልኩት። ሥራ ካርዱ ላይ «ተፈትሿል፣ ይሠራል» ብዬ ፈረምኩ።

ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሰ። «ጋሼ፣ ከላይ ከጨንቻ ሞልቼ ነው የተነሣሁት። ትንሽ ይረጫል፣ ከዚያ ይተዋል።» እኔም ደግሜ ሞላሁ፣ ደግሜ ነካሁ፣ ደግሞ ፏ አለ። «ይሠራል» ብዬ ፈረምኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ያንኑ ፈርሜ ተቆጣሁት። ሰው ፊት፣ «አንተ መስታወት ማጠብ ሰንፈህ ነው! ይሄ ከፋብሪካው የሚበልጥ ሥራ ነው!» አልኩት። አይዛ ጀሪካኑን አየ፣ እኔን አየ፣ መኪናዋን አስነሥቶ ሄደ። መቼ ብዬ አልጠየቅሁትም። የት ብዬ አልጠየቅሁትም። ወዴት ዞራ ነበር ብዬ አልጠየቅሁትም።

አደጋው የደረሰው በዝናብ ወቅት፣ ከዶርዜ በታች ባለው ጠመዝማዛ ነው። አይዛ ክትባት አድርሶ አንዲት ነርስ አሳፍሮ ከጨንቻ እየወረደ ነበር። ከፊቱ የነበረው ጭነት መኪና ጭቃውን እያነሣ መስታወቱን ደፈነው። መጥረጊያውን አስነሣ፤ ጭቃው ተለሰነ። ቁልፉን ነካ፤ ፓምፗ አጉረመረመች፣ ውሃ ግን አልመጣም። እንዳይቆም ኩርባው ላይ ነው፤ ከኋላው ደግሞ ሌላ መኪና አለ። ሲቸግረው እንደ ወትሮው ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ መንገዱን ማየት ጀመረ። እንደ ወትሮው ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ለሁለት ወር እንዲያ ሲወርድ ኖሯል ለካ። ወደ ጠባቡ መንገድ ያዘነበለ የቀርከሃ ጫፍ ግራ ዓይኑን መታው። መሪውን ለቀቀ። መኪናዋ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ዳገቱ ቦይ ገባች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነርሷ ትከሻዋ ተቀጥቅጦ ተረፈች። የአይዛ ዓይን ግን አልተረፈም።

ሰው ዓይኑን አጥቶ ፋሻው ሳይፈታ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ሰዎች፤ ሰብሳቢው ያው ባለ ከረባቱ ኃላፊ። ሥራ ካርዶቹ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ፤ ሦስቱም ላይ የእኔ ፊርማ አለ።

«ይሄ ያንተ ፊርማ ነው?» አለኝ ኃላፊው።

«አዎ።»

«ውሃ መርጫው ይሠራ ነበር?»

«ይሠራ ነበር» አልኩ። «እንዲያውም ከፋብሪካው ይሻላል።»

ይሄን ያልኩት አይዛ ጥግ ላይ በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጦ እያለ ነው። ዋሽቼ አልነበረም፤ ባደባባይ የተናገርኩትን በጭፍን አምኜ ነው። ግን ከመዋሸት በምን ይሻላል? አይዛ በቀረችው ዓይኑ እያየኝ፣ «ጋሼ፣ ሦስቴ ነገርኩህ እኮ» አለ። ኃላፊው ጻፈ፤ ሹፌሩ በቸልተኝነት ጭንቅላቱን አውጥቶ በራሱ ላይ ጉዳት አድርሷል፣ ስለ መኪናዋ የሰጠው ቃልም ሐሰት ነው። ከሥራ ይሰናበታል። የቀረው በሳምንቱ ተሰብስቦ መፈራረም ብቻ ነው። አንድ ዓይና ሹፌር፣ ውሸታም ተብሎ የተጻፈበት፣ ማን ምን ሥራ ይሰጠዋል? ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ማሴቦ ከጨንቻ ወረዱ። ዶርዜ ላይ ወሬው ደርሷቸው መጀመሪያ አይዛን ነው የጠየቁት። ጋራዥ ሲመጡ ሰላምታ ሰጥተውኝ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ።

«ስምዖን፣ ልጁ ሲመጣ ምን ጠየቅኸው?»

«ምንም» አልኩ።

«እኔ ጠየቅሁት» አሉ። «መቼ? ሲመለስ። የት? ከዶርዜ በታች። ወዴት ዞራ? ቁልቁል። ሦስቴም ቁልቁል። ሲወጣ አንድ ቀን እምቢ ብላው አታውቅም።»

ምንም ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ጭንቅላቴ ላይ ውሃ እንደተደፋብኝ ሆንኩ፤ ተነሥቼ ከቦዩ ተጎትታ መጥታ ወደ ቆመችው መኪና ሄድኩ። የኋላዋን በክሪክ አነሣሁ፣ ድንጋይ ከሥሯ ደረደርኩ፣ እንደገና አነሣሁ፤ አፍንጫዋ ወደ ታች እስኪያጎነብስ። ጀሪካኑን ግማሽ ብቻ አደረግኩ። ቁልፉን ነካሁ። ፓምፗ አጉረመረመች፤ አንዲት ጠብታ አልመጣም። ውሃው ሁሉ ወደ ጀሪካኑ ፊት ተጠራቅሞ የእኔ ቱቦ ከኋላ ባዶ አየር ትስባለች። ሞልቶ ሲነሣ የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች ይረጭለታል፤ ግማሽ ሲደርስ ከነጭራሹ ያቆማል። እኔ ደግሞ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው ምን ነበር? ሜዳ ላይ አቁሜ መሙላት! ሕመሙን በገዛ እጄ እያዳንኩ ነበር «ጤነኛ ነች» ብዬ የምፈርመው።

ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ። ከዚያ ደግሞ ፈራሁ። ብናገር የምባረረው እኔ ነኝ፤ እኔም ልጆች አሉኝ። በእኛ አገር ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ነውር ሠርቶ የደበቀ ሰው፣ ራሱ ብቻ ሳይሆን ቤቱም ከብቱም ይታመማል ትል ነበር እናቴ። መድኃኒቱም አንድ ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት አደባባይ፣ በዱቡሻ፣ ሰው ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ» ማለት። ጋሽ ማሴቦ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ስለ ጎሜ አያወሩም። የልቤን ግን ያወቁብኝ መሰለኝ። «ቤተ ክርስቲያንም ዱቡሻም እዚህ ላይ አንድ ናቸው» አሉኝ። «አብሬህ እቆማለሁ።»

ኮሚቴው ሊፈራረም በተሰበሰበ ዕለት ከበር ገባሁና ውጪ ወጥተው መኪናዋን እንዲያዩ ጠየቅሁ። ኃላፊው፣ «ስብሰባ የሚደረገው ቢሮ ውስጥ ነው» አለኝ። ጋሽ ማሴቦ ከኋላዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። «ጌታው» አሉት በዚያች ቀስ ባለች ድምፃቸው፣ «ይህ ልጅ ዓይኑን ቢሮ ውስጥ አላጣም።» ሁለቱ አባላት ተያይተው ተነሡ። ኃላፊውም ፋይሉን ታቅፎ ተከተላቸው።

የጋራዡ ሰው ሁሉ ወጣ። መኪናዋ የኋላዋን አንሥታ፣ ድንጋይ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ጀሪካኑ ግማሽ መሆኑን ለአባላቱ አሳየሁ። አይዛን ሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። «ንካ» አሉት ጋሽ ማሴቦ። ነካ። ፓምፗ አጉረመረመች። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አፍንጫዎቹን አየ፤ ደረቅ ናቸው። «እንደገና» አለ። አይዛ ነካ። ደረቅ። «ወድቃ ተበላሽታ ይሆናላ!» አለ ኃላፊው። እኔ ድንጋዩን አነሣሁ፣ ክሪኩን አወረድኩ፣ መኪናዋ በአራት እግሯ ሜዳው ላይ ቆመች። «ንካ» አልኩት አይዛን። ኃላፊው ገና ከመስታወቱ ፊት እንዳጎነበሰ ነበር። ውሃው ፏ ብሎ ከረባቱንም ፋይሉንም አራሰው።

ማንም አልሳቀም። እኔ፣ «ሜዳ ላይ ትሠራለች፤ ስትወርድ አትሠራም» አልኩ። «አይዛ ሦስቴ እውነቱን ነግሮኛል። ሦስቴ ሐሰት የፈረምኩት እኔ ነኝ። ይሄን ጀሪካን የገጠምኩትም እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ጥፋቱ ያንተ ነው» አለኝ ውሃውን ከፊቱ እየጠረገ።

«አዎ፣ የኔ ነው» አልኩና ያቺን የግዢ ጥያቄ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። «ይቺ ደግሞ የእርስዎ ናት።» «ቅንጦት ነው» የምትለዋ ቀይ ጽሑፍ ከግርጌው ጎልታ ትታይ ነበር። ሁለቱ አባላት በትከሻው ላይ አንገታቸውን አስግገው አነበቧት። ኃላፊው አጥፎ ፋይሉ ውስጥ ከተታትና ወደ ቢሮው ገባ። ያቺን ወረቀት ዳግመኛ አላየኋትም።

ውሳኔው ወጣ። «አደጋው የደረሰው በቴክኒክ ችግር ነው» ይላል። የማን ቴክኒክ፣ የማን ችግር፣ አይልም። የአይዛ ስም ጸዳ፤ ሹፌርነቱ ግን ቀረና የጋራዡ በር ጠባቂ ሆነ። እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ይገባኛል። ኃላፊው ላይ የተጻፈ ነገር አልሰማሁም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና በወሩ አዳዲስ የውሃ ዕቃዎች ተገዝተው መጡ። የመጀመሪያው ለማን ተገጠመ? ከከተማ ወጥታ ለማታውቀው ለኃላፊው መኪና! ራሴ ነኝ የገጠምኩት።

ከዚያ በኋላ በጋራዡ ግቢ ጫፍ ላይ ድንጋይና አፈር ከምሬ ቁልቁለት ሠራሁ። በጀት አልጠየቅሁም። የጠገንኳት መኪና ሁሉ ውሃዋን ግማሽ አድርጋ፣ ወደ ታች አጎንብሳ ሳትሞከር ከእጄ አትወጣም። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። ጋሽ ማሴቦ ሲያርፉ ጨንቻ ድረስ ወጥቼ ቀበርኳቸው። አይዛ በበኩሉ መኪና ከበሩ ሊወጣ ሲል የበሩን መዝጊያ ገመድ ከመፍታቱ በፊት ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ቁልቁል ሞክረኸዋል?» ብሎ ይጮሃል። «ሞክሬዋለሁ» ካላልኩ አይከፍትም። ኃላፊም ቢሆን ውስጥ የተቀመጠው ያው ነው። ይቅር አለኝ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። በየቀኑ የሚጠይቀኝን ጥያቄ በየቀኑ መመለስ ነበር የእኔ ድርሻ።

አሁን ወደዚያ አዳራሽ ልመለስ። «ጥቃቅን ጥገና» ተብሎ ጭብጨባው ሲበርድ፣ ከኋላው ወንበር አንድ ሰው ተነሣ። አይዛ ነው። ከዚያ ክፉ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት አውልቆት የማያውቀውን ጥቁር መነጽሩን አወለቀ። የተደፈነችውን ዓይኑን በጣቱ እያሳየ፣ ያንኑ የዶርዜ አማርኛውን እየተናገረ፣ «ጌታዬ» አለው ተናጋሪውን፣ «ጥቃቅን ያልከው ይሄን ነው?»

አዲሱ ኃላፊ ነገሩ ስላልገባው ጎኑ ያለውን ሰው አየ። ያ ሰው መሬት መሬት አየ። አይዛም መነጽሩን መልሶ አድርጎ ወደ በሩ ሄደ።

ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ጋቢውን ግን ወሰድኩ፤ የጨንቻው ሸማኔ ምን በደለኝ? ሥራ ክፍሌ ገብቼ የጋሽ ማሴቦን የፈረስ ጭራ ከምስማሯ አወረድኩ። ጸጉሯ ከመሳሳቱ የተነሣ አልቆ፣ እጀታዋ ላይ ጥቂት ዘለላ ቀርቷል።

በሩ ጋ ስደርስ አይዛ ገመዱን ይዞ ቆሟል። ሰው ሁሉ በእግሩ ሲወጣ በጎን ያልፋል፤ እኔን ግን እንደ መኪና አስቆመኝ።

«ወዴት ነህ ጋሼ?»

«ወደ ቤት። ወደ ሲቀላ።»

«ቁልቁል ነዋ» አለ። «ሞክረኸዋል?»

በዚያ በር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አልሞከርኩትም» አልኩት።

ገመዱን ፈታልኝ። ጭራዋን ሰጠሁት፤ ተቀበለኝና ከጠባቂ ቤቱ ምስማር ላይ ሰቀላት። «እንግዲያው ቀስ ብለህ ውረድ» አለኝ።